ዐይን ስለ ውስጥ ሕመም የሚነግረን



በቤይሩት ዙሪያ በዶራና በቡርጅ ሐሙድ የሚኖሩ እኅቶቻችን፣ በንባብ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ አባቶቻችንም፣ ዐይናቸው ሲደበዝዝ ድካም ወይም እርጅና ነው ብለው ያልፉታል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ዐይን የሚያሳውቀን የደም ሥርንና የአንጎልን ሕመም ነው።

ጥቃቅን የደም ሥሮች ሥጋ ሳይቀደድ በቀጥታ የሚታዩት በዐይን ውስጥ፣ ሬቲና በሚባለው ስስ ገጽ ላይ ነው። የዕይታ ነርቭም የአንጎል ክፍል ነው። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ የዐይንን ውስጥ የሚያሳየውን መሣሪያ በ1851 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ሐኪሞች ይህን ሁሉ በብሌን በኩል ይመለከታሉ። የደም ግፊት ሥሮቹን ያጠብባቸዋል፤ የስኳር በሽታ ደም እንዲያፈሱ ያደርጋቸዋል። በራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሲጨምር ደግሞ የነርቩ ራስ ያብጣል፤ ይህም ዕጢን ወይም ሌላ ብርቱ ሕመምን ሊያመለክት ይችላል።

ስለዚህ መነጽር ለመግዛት ፊደል ማንበብ ብቻ አይበቃም። ብሌንን በጠብታ አስፍቶ ውስጡን ማስመርመር ይገባል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ ምንም ባይሰማው እንኳ፣ በየዓመቱ ይታይ። አንድ ዐይን በድንገት ቢጨልም፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቢበራም እንኳ፣ የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያሻል። ይህ እስከ እሑድ የሚቆይ ነገር አይደለም።

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ በአሽራፊያ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ራሱ ክፉኛ ተጎዳ፤ ብዙዎችም በመስተዋት ስብርባሪ ዐይናቸውን ቆሰሉ። ያን ቁስል ሁሉ አየው። ሳያደማ የሚመጣውን ግን ያለ ምርመራ ማንም አያየውም።

በሰው ቤት የምታገለግል እኅት ለሐኪም ቤት ፈቃድ ማግኘት እንደሚከብዳት እናውቃለን፤ በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አያካትትምና። ስለዚህ ቋንቋውን የምታውቁ ለአሠሪዋ አስረዱላት፤ ጊዜ ያላችሁም አብራችኋት ሂዱ። ጠበል የሚጠመቅም የግፊትና የስኳር መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ፈቃድ አያቋርጥ፤ ጠበሉም መድኃኒቱም ከአንዱ ፈጣሪ የተሰጡ ናቸውና።

ለሁላችንም የዐይን ብርሃንና ጤና ያድለን።