የልጅ ልጆቻችንን ምጽዋት አንቀማቸው

የዕድሜ እኩዮቼ፣ የማኅበር ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የምናገረው ደስ አያሰኝም። ሳልናገረው ብሞት ግን እጠየቅበታለሁ።

በየቤታችን ያሉትን ሕፃናት ተመልከቱ። አቡነ ዘበሰማያትን ሳይሳሳቱ ይደግማሉ፤ መዝሙሩን ከነሽብሸባው ያውቁታል። ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ደክመዋል፤ እግዜር ይስጣቸው። ጎረቤት ታሞ ውኃ የሚያቀብለው ሲያጣ ግን እነዚህ ልጆች የት ናቸው? «በሽታው እንዳይዘው፣ ትምህርቱ እንዳይስተጓጎል» እያልን በር የዘጋንባቸው እኛው ነን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታ በፍርድ ቀን የሚጠይቀው ስለተራበው፣ ስለታረዘው፣ ስለታመመውና ስለታሰረው ነው። ስንት መዝሙር በቃላችን እንደያዝን የሚጠይቅበትን ቦታ እኔ አላገኘሁም።

«ምጽዋትማ እናስተምራቸዋለን» ትሉኝ ይሆናል። እሑድ ጠዋት በደጀ ሰላም ከኪሳችን ብር አውጥተን በልጁ መዳፍ እናኖርና «ለእማማ ስጣቸው» እንላለን። ልጁ ጣል አድርጎ ይሮጣል። ሰጪው አያቱ ነው፤ እርሱ ተላላኪ ነው፤ ከእርሱ የጎደለ ነገር የለም። አሁን ደግሞ የባሰ መጣ፤ ልጁ ለነዳያን እንጀራ ሲያቀብል በስልክ ቀርጾ ለዘመድ መላክ። ምጽዋት በስውር ይሁን የተባለውን ገና በሰባት ዓመቱ ካፈረስንበት፣ ሰው ካላየው እጁ የማይዘረጋ ጎልማሳ ይወጣዋል። የተቀረጹት ነዳያንም ሰው ናቸው፤ ፈቃዳቸውን የጠየቀ የለም።

እኛ እንዲህ አላደግንም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል እናቶቻችን ከእኛው ቁርስ ቆርሰው ያስይዙን ነበር። ተማሪውን እንዳይነክሰው ውሻውን መያዝም የእኛ ሥራ ነበር። ዛሬ ለማኙን የሚመልሰው ዘበኛው ነው፤ ልጁ ድምፁን እንኳ አይሰማም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጾሙ ነው። ፍልሰታን ከነሐሴ 1 እስከ 15 ትንንሾቹ ሳይቀሩ ይጾማሉ፣ ያስቀድሳሉ፣ ይቆርባሉ። አባቶች ያስተማሩን ጾመኛው ያልበላው ምሳ ለተራበ እንዲደርስ ነው። አሁን የልጁ ምሳ ፍሪጅ ውስጥ ይጠብቀዋል፤ ሲያስቀድስ ውሎ ሲመለስ እጥፍ አድርገን እናቀርብለታለን። ረኃቡን ቀምሷል፤ በየቀኑ ያንን ረኃብ ይዞ የሚያድር ልጅ በሰፈሩ እንዳለ ግን አልነገርነውም።

አበበች ጎበናን የማያስታውስ የለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወጥተው ወሎ ላይ ረኃብ የጣለውን ሕዝብ አዩ። የያዙትን ዳቦና ጸበል ለተራቡት አካፈሉ፤ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ትዳራቸውን ሳይቀር አስከፍሏቸዋል። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉም የብዙዎች እናት ሆነው ኖሩ። በዚያው መንገድ ስንቱ ተሳልሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ! ከራስ ቆርሶ መስጠት በችግር ቀን ድንገት አይመጣም፤ ከልጅነት መለመድ አለበት ባይ ነኝ። የልጅ ልጆቻችን ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥማቸው እኛ አጠገባቸው አንኖርም።

ስለዚህ የሚመጣው ፍልሰታ ሳይገባ እያንዳንዳችን ልጁን አስቀምጠን እናነጋግረው። የምሳው ድርሻ ለማን እንደሚሄድ ራሱ ይምረጥ። ራሱ ይሸከም፣ ራሱ ያንኳኳ፣ የሚሰጠውን ሰው ስም ጠይቆ ይወቅ፤ ቁጭ ብሎም ያጫውተው። ሠራተኛ አትላኩ፤ ስልኩንም ቤት ተዉት። እናቱ «ልጄ ይደክምብኛል» ካለች ወደ እኔ ላኳት።