ማጀቱ ለእሷ፣ ችሎቱ ለእሱ

ሥነ ቃል አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን «ስለ ሴት የተነገሩ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ሰብስባችሁ ኑ» እላቸው ነበር። ሰሌዳው ይሞላል። «ሴት ምን ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ሲነበብ ወንዶቹ ይስቃሉ፤ ሴቶቹ ደብተራቸው ላይ ያቀረቅራሉ። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» ሲከተል ደግሞ «ይሄማ የድሮ ነው መምህር፣ ቀርቷል» የሚል አይጠፋም። እኔም ቀርቷል ብዬ አምን ነበር።

በቅርቡ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ አዳራሽ፣ በጤናው ሙያ ስለ ሴቶች አመራር ልንወያይ ተጠራን። መድረኩ ላይ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አምስቱም ከረባት አስረዋል። ስለ ሴቶች አመራር አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱን። ሴቶቹ የኋላውን ወንበር ሞልተው ያዳምጣሉ። በሻይ ሰዓት ከሐይቁ ዳር ቀበሌዎች ከአንዱ የመጣች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አገኘሁና፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስትሠሪ እንዴት ሳታድጊ ቀረሽ አልኳት።

«ኧረ መምህር፣ ለተቆጣጣሪነት የሚያበቃ ሥልጠና ደርሶኝ ነበር። ቦታው ጎንደር፣ ለ15 ቀን። ልጄ ሰባት ወሯ ነው። ይዣት ልምጣ ብል አይቻልም አሉኝ። ኋላ ቅጹን ሳየው ‹በራሷ ፈቃድ ቀርታለች› ይላል።»

ተረቱ ለካ አልቀረም፤ ከረባት አስሮ ቢሮ ገብቷል። ዛሬ «ሴት ምን ብታውቅ» የሚል ኃላፊ አታገኙም። «ብቁ ሴት አጣን»፣ «ስንሰጣቸው እምቢ ይላሉ» ነው የሚባለው። ትርጉሙ ያው ነው።

የቤተሰብ ሕክምናን እንመልከት። ይህ ሙያ በሽተኛን ከነቤቱ የሚያይ ነው፤ አራሷንም፣ ሕፃኑንም፣ አያቱንም አንድ የሚያውቃቸው ሐኪም ይከታተላቸዋል። በአገራችን የስፔሻሊቲ ትምህርቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ምሩቃን በ2008 ዓ.ም. ወጡ። ግን ቤት ለቤት መሄዱን ማን ጀመረው? በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ 5 ሺህ ያህል ሰው በሚኖርበት ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። በጊዜው 16 የጤና ፓኬጆች ተሸክመው ነበር፤ ክትባቱ፣ የቤተሰብ ምጣኔው፣ ወባው፣ መጸዳጃ ቤት ማስቆፈሩ። ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። ሐኪም ናቸው አላልኩም። የቤተሰብ ሕክምና መሠረቱ ግን ቤቱን ማወቅ ነው፤ ቤቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችንን ያመሰው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ አራሷ ቤት በእግሯ የምትደርሰው ማን ሆነችና!

ታዲያ ሴት የተመረጠችው ማጀት ድረስ መግባት ስለምትችል ነው። መልካም። ከማጀት ስትወጣስ? የተቆጣጣሪዋን፣ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ፣ የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ስም ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትሰሙት የወንድ ስም ነው። በሽታው የእኛ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ ከዓለም የጤና ሠራተኞች 70 ከመቶው ሴቶች ሲሆኑ፣ ከፍተኛውን ወንበር የያዙት ግን 25 ከመቶ ብቻ ናቸው። የጋራ በሽታ መሆኑ መድኃኒት አይሆነንም።

«ሚኒስትሯ ሴት ናቸው፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» የሚለኝ አለ። እውነት ነው፣ ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. ዶክተር ሊያ ታደሰ፣ ከዚያም ዶክተር መቅደስ ዳባ ሚኒስቴሩን ይዘዋል። ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ሰገነት ላይ ሴት ታየች ተብሎ ደረጃው ተሠርቷል አይባልም። የሐይቅ ዳሯ እናት የምትወጣው ደረጃ ገና የመጀመሪያው ላይ ተሰብሯል።

ችሎታ የለም የሚለው ደግሞ ማሚቱ ጋሼን ያስታውስ። ከገጠር የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ የፌስቱላ ታካሚ ነበሩ። ከዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ከባለቤታቸው አጠገብ ቆመው ቀዶ ሕክምና ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከእነሱው ጋር የእንግሊዝ ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅን የወርቅ ሜዳሊያ ተጋሩ። ይህን ያደረገው አጠገቧ ያስቆማት፣ ጊዜ የሰጣትና ያመናት አስተማሪ መኖሩ ነው። የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል እኛው ባሕር ዳር አለ፤ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሥልጠናው ወደ ወረዳ ይውረድ። ማሠልጠኛው ውስጥ ሕፃን የሚቆይበት አንድ ክፍል ይዘጋጅ፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ እንኳ መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። በቀበሌ የተቆጠረ ዓመት ለትምህርትና ለኃላፊነት ሲወዳደሩ ነጥብ ይሁን። ቅጹ ላይም «በራሷ ፈቃድ» ከሚለው ጎን «ምክንያቱ» የሚል መስመር ይጨመር፤ የሚሞላውም በኃላፊው ሳይሆን በእሷው እጅ ይሁን።

አንባቢ ሆይ፣ «ብቁ ሴት አጣን» የሚል ኃላፊ ሲገጥምህ ስለ ብቃት አትከራከረው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ፤ ስትጠሯት ሕፃኗን ማን ይያዝ ብላችሁ ነበር?