እድምተኛዋ ስንት እጅ አላት?

ጥር ገብቶ የሠርግ መጥሪያ ወረቀት መታደል ሲጀምር፣ የከተማችን ሴቶች ከሙሽራዋ ባልተናነሰ የሚጨነቁበት አንድ ዕቃ አለ፤ ቦርሳ። ቀሚሱ ተሰፍቶ፣ ጫማው ተገዝቶ፣ ጸጉሩ ከተሠራ በኋላ «ምን ልያዝ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። መልሱን ደግሞ የፋሽን አዋቂ ነን የሚሉት አስቀድመው አዘጋጅተውልናል። ለሠርግ የሚያዝ ቦርሳ ትንሽ ይሁን፤ ማንጠልጠያ ባይኖረው ይመረጣል፤ ያብረቅርቅ፤ በመዳፍ ተጨብጦ ወይም በብብት ተሸጉጦ ይያዝ። ስሙም «ክላች» ነው። (መኪና ላይ ያለውን ክላች «ፍሪሲዮን» እያልን የኖርነው ለካስ ቃሉን ለቦርሳ ስናቆየው ነው!) ከዚህ ከፍ ያለ ቦርሳ ይዛ ድንኳን የገባች ሴት፣ ወደ ሠርግ ሳይሆን ወደ ገበያ የወጣች ትመስላለች ይሉናል።

እኔ ደግሞ እላለሁ፤ ለእኛ አገር ሠርግ ከክላች የከፋ ቦርሳ አልተፈጠረም።

አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩን በሳቅ ባለፍኩት። ነገር ግን ይህ ሕግ አገር እያቋረጠ ነው። ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ 180 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው መካነ ሰላም ይደርሳል። የወሎው ቦረና ነው፤ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ፣ ወደ ምዕራብ ሲሉ ዓባይ በገደሉ ውስጥ የሚያልፍበት፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ዳስ ሥር ተቀምጦ ከየራሱ እርድ የሚበላበት አገር። እዚያም ዛሬ የከተማዋ ወጣት ሴት ክላች ካልያዘች ሠርግ የሄደች አይመስላትም።

እስቲ ይህችን እድምተኛ ከዳሱ በር ጀምረን እንከተላት። የመጀመሪያው ሥራዋ ሰላምታ ነው። ሰላምታው ደግሞ እጅ ዘርግቶ በመሳብ አያልቅም፤ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት አራት ጊዜ መሳሳም፣ አሮጊቶችን ዝቅ ብሎ ጉልበት መሳም፣ ሕፃን ተቀብሎ ማቀፍ አለ። ቀጥሎ የእጅ ውሃ ይመጣል። ከዚያ ቀኝ እጇ ትሪው ላይ ነው፤ ግራ እጇ ጠላ ወይም ብርዝ ይዟል። ክላቿ የት ትግባ? ጭኗ ላይ ብታስቀምጣት ወጥ ይንጠባጠብባታል። መሬት ብታኖራት ጉዝጓዙ ውስጥ ትጠፋለች። ብብቷ ውስጥ ብትሸጉጣት ክንዷ ታስሮ አጠገቧ ያለችውን ማጉረስ አትችልም፤ ጉርሻ ያልተለዋወጠ ሰው ደግሞ ሠርግ በላ አይባልም፤ ምሳ በላ እንጂ። ከዚያ ከበሮው ይመታል። «አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም» የሚለው ተረት ለምሳሌ ተብሎ የተነገረ ይመስለን ነበር፤ ባለ ክላቿን ስናያት ግን ቃል በቃል እውነት ነው። የተፈቀደላት ዳር ቆሞ ማየት ነው።

ይህች ቦርሳ የተሠራችው ሰው ቆሞ ብርጭቆ ጨብጦ ለሚያወራበት፣ ሌላው ሥራ ሁሉ በአስተናጋጅ ለሚሠራበት ግብዣ ነው። ታሪኳም ይናገራል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የአውሮፓ ሴቶች ቀሚስ እየሳሳና ከሰውነት ጋር እየተጣበቀ ሲሄድ፣ ከቀሚሱ ሥር በወገብ ታስሮ ይንጠለጠል የነበረው ኪስ ቦታ አጣ። ኪሱ ወደ ውጭ ወጣና በእጅ የሚያዝ ትንሽ ከረጢት ሆነ። ክላች የዚያች ከረጢት ዘር ናት፤ በቀላል አማርኛ ኪስ ያጣች ሴት መላ ናት።

የእኛ እናት ግን ኪስ አላጣችም። መቀነት አላት። ብሯን በመቀነቷ ጫፍ ወይም በነጠላዋ ጥግ ቋጥራ፣ ሁለት እጇን ነፃ አድርጋ ትወጣለች፤ ሌባም ሳታውቅ አይፈታትም። ሠርግ ስትሄድ በእጇ የምትይዘው ነገር ካለ ደግሞ ለራሷ አይደለም። እንጀራ በሞሰብ፣ ጠላ በገንቦ፣ የመንገድ ስንቅ ከሆነ በቆዳ በተለበጠ አገልግል ይዛ ትደርሳለች። የእሷ «ቦርሳ» ሞልቶ መጥቶ ባዶውን ይመለሳል። የክላቿ ባለቤት ግን ከስልክና ከከንፈር ቀለም በቀር ምንም የማይዝ ዕቃ ይዛ ትገባና ያንኑ ይዛ ትወጣለች።

እዚህ ላይ የሚሞግቱኝ እህቶች አሉ። «አገልግልና ገንቦ በጀርባችን ስንሸከም ስለኖርን ነው እንዲህ የምታወድሰው? ባዶዋ ቦርሳ እኮ ሸክም የለብኝም ማለት ናት» ይሉኛል። ከዚህ ክርክር ግማሹን ሳልወድ በግዴ እቀበላለሁ። ሴቲቱ ገንቦ አዝላ ስትሄድ ባል ከዘራ ይዞ ከፊት ከፊት የሚራመድበትን መንገድ ማንም ጤነኛ ሰው አይናፍቅም። ግን ክላች ያን ሸክም ከማን ላይ አወረደችው? እሷ ክላች ጨብጣ ስትቀመጥ፣ ከዳሱ ጓሮ ጭስ ውስጥ ሌላ ሴት እንጀራ እየጋገረች ነው። ሸክሙ ከዘራ ወደያዘው ሰው አልተሻገረም።

የሚያስቆጣኝ ግን ከዚህም የባሰው ነው። ቦርሳ ተውሳ ሠርግ ሄዳ ሠርጉን ሳይሆን ቦርሳውን ስትጠብቅ የዋለች ሴት አውቃለሁ። የምትዋሰው አጥታ «አሞኛል» ብላ የቀረችም አለች። በከተማ ሰው ዓይን ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ወሎ ውስጥ ግን ሠርግ ላይ መቅረት ቀላል አይደለም፤ ብድር በምድር ነውና ያልሄደችበት ቤት ነገ በእሷ ደስታም ሆነ ኀዘን ላይደርስላት ይችላል። አንዲት መዳፍ የምታህል ዕቃ ሰውን ከጎረቤቱ ለይታ ቤት ካስቀረች ጌጥ መሆኗ ቀርቷል።

ደግሞስ ምን ተገኘና ነው? አብዛኛው ክላች ፕላስቲክ የተቀባ ጨርቅ ነው፤ ሁለት ጥር ሳይሞላው ይላጣል። ከዚያው ዳስ ጀርባ ደግሞ የታረደው በሬ ቆዳ ገዢ አጥቶ ተጥሏል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየበዓሉ ማግስት የበግና የፍየል ሌጦ በየመንገዱ ወድቆ ማየት ለምደናል። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳ ወደ ውጭ እንዳይወጣ 150 በመቶ ቀረጥ የጣለው፣ አገር ውስጥ ጫማና ቦርሳ ሆኖ እንዲወጣ ነበር። ይህ በወሎ ላይ ሲሆን የበለጠ ያማል። ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ሲወርዱ የምትገኘው ባቲ ስሟ በዓለም የቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ የፍየል ሌጦ መጠሪያ ነው። የደጋ በጋችን ሌጦ ደግሞ በልስላሴውና በጥንካሬው ተመርጦ የፈረንጅ ጓንት ይሠራበታል። የፈረንጅ እጅ የእኛን በግ ለብሶ፣ የእኛ እጅ ፕላስቲክ ጨብጦ ሠርግ ይሄዳል!

«ታዲያ ምን እንያዝ?» ለምትሉኝ ምርጫው ከባድ አይደለም። ከእውነተኛ ቆዳ የተሠራ፣ በትከሻ ወይም በደረት ላይ ተሻግሮ የሚንጠለጠል፣ ስልክና መሐረብ የሚይዝ፣ ለሙሽሮች የሚሰጠው ፖስታም ሳይታጠፍ የሚገባበት ቦርሳ ይበቃል። ቀለሙ ከጫማ ጋር ገጠመ አልገጠመ በነጠላ ሥር ማን ያየዋል? ቦርሳ የሌላት በመቀነቷ ቋጥራ ትምጣ፤ ማንም አፉን እንዳይከፍትባት። ፌስታል ይዛ የምትመጣውን ግን አልደግፍም፤ የፕላስቲክ ከረጢቱን በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ከልክሎታል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለሽሮ ሜዳ ሰፊዎች አለኝ። የሐበሻ ቀሚስ ከጥለቱ እስከ መቀነቱ በየዓመቱ አዲስ ዲዛይን ይወጣለታል፤ አንዳንዱ ዋጋው የአንድ ሰው የወራት ደመወዝ ነው። ታዲያ ጎኑ ላይ አንዲት ኪስ ለመትከል ምን ያህል ክር ይፈጃል? «ቅዱ ይበላሻል» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ከጎኗ የሚቆመው ባሏ በሱሪውና በኮቱ ላይ ስድስት ሰባት ኪስ አለው፤ የሱ ቅድ ተበላሸ ሲባል ግን እስካሁን አልሰማሁም።