ከወልቂጤ ቡታጅራ በ6 ደቂቃ

ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻችን በአንድ ወቅት ቀላል የምትመስል ጥያቄ አቅርበን ነበር። በወልቂጤና በቡታጅራ መካከል ያለው የአየር ርቀት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ጉዞውን በስንት ደቂቃ ይጨርሳል? መላው ክፍል ማለት ይቻላል «6 ደቂቃ» ሲል መለሰ። በማካፈሉ ላይ ስህተት የለም። ያሳሰበን፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ዘቢዳር ቆሞ ሳለ፣ «ይህ አውሮፕላን መቼ ወጥቶ መቼ ሊወርድ ነው?» ብሎ የጠየቀ አለመገኘቱ ነው።

በእርግጥ በዚህ መስመር የመንገደኞች አውሮፕላን አይበርም። ስለዚህ የሚበርበትን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ጅማ በመኪና የሚሄድ ሰው ወልቂጤን አቋርጦ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የአየር ርቀቱ ግን ወደ 260 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበት ኪው 400 አውሮፕላን ከፍታውን ይዞ ሲደላደል በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። በተማሪዎቻችን ስሌት ጉዞው 24 ደቂቃ ነው። በበረራ ሰሌዳው ላይ የሚመደብለት ጊዜ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ምክንያቱም ሰሌዳው የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንሥቶ ጅማ ደርሶ እስኪቆም ድረስ ነው። በመሬት ላይ ይሽከረከራል፣ ተራውን ይጠብቃል፣ በዝግታ ይወጣል፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ለማረፍም ይዞራል። ሙሉ ፍጥነቱን የሚጠቀምበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ረጅም በረራም የራሱ ጣጣ አለው። ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን በመንገድ ላይ ለነዳጅ ሲያርፍ፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ ሲመጣ ለዓመታት አይተናል። ርቀቱ በሁለቱም አቅጣጫ ያው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦሌ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ክንፍም ሞተርም ጉልበታቸው ስለሚቀንስ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ ለመነሣት ይቸገራል። በዚያ ላይ በሰሜኑ ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ በሄደበት ይገፋዋል፣ ሲመለስ ያግዘዋል። የአውሮፕላኑ ፍጥነት በሰዓት 900፣ የነፋሱም በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ መሄጃው 13 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው 12 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ይሆናል። አንባብያን ድምሩን ነፋስ ከሌለበት ጉዞ ጋር ያስተያዩ፤ እርዳታው ጉዳቱን እንደማያካክስ ያገኙታል።

ጥፋቱን በተማሪዎች ላይ አንጥልም። ለ«6 ደቂቃ» ሙሉ ነጥብ ስንሰጥ የኖርነው እኛ መምህራን ነን። ነገ መንገድ የሚቀይሱት፣ አምቡላንስ ለየትኛው ወረዳ እንደሚመደብ የሚወስኑት እነዚሁ ተማሪዎች ናቸው፤ ለወላዷ እናት ደግሞ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ሳይሆን ሰዓቱ ነው ቁም ነገሩ። ስለዚህ የመጀመሪያው የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ከወልቂጤ መናኸሪያ ቢጀመር እንመርጣለን፦ ተማሪው ሰዓትና ደብተር ይዞ አውቶቡስ ይሳፈር፣ በየ10 ኪሎ ሜትሩ የፈጀውን ደቂቃ ይመዝግብ፣ የቆመበትንም ሳይዘል።