የባቡር ትኬትና ቀዳዳው ከረጢት



እኔና ባለቤቴ በምናገለግልበት በእንግሊዝ አገር አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ስናድል፣ አንዲት እህት ወደ ጥግ ጠራችኝና አንገቷን ደፍታ፣ «እትዬ፣ የዚህ ወር የቤት ኪራይ ጎድሎብኛል፤ ትንሽ ያበድሩኝ ይሆን?» አለችኝ። ይህች እህት ሰነፍ አይደለችም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ፣ በባቡር እየተመላለሰች አረጋውያንን ትንከባከባለች። በማግስቱ ቤቷ ሄጄ ወጪዋን አብረን በወረቀት ስንጽፍ፣ ከኪራይ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ የባቡር ሆኖ ተገኘ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው የዕለት ደርሶ መልስ ትኬት ስትገዛ ኖራለች። «የዓመቱን ለምን አልገዛሽም?» አልኳት። «እትዬ፣ ያን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከየት አመጣለሁ?» አለችኝ።

መልሷ ልቤን ነካው። ገንዘብ ያለው ሰው በጅምላ ስለሚገዛ በርካሽ ይሄዳል፤ የሌለው ግን በችርቻሮ ስለሚገዛ በውድ ይሄዳል። ደክመን ያገኘነው ደመወዝ በቀዳዳ ከረጢት እንደተጨመረ የሚሆነው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለው ነገር ነው። ታዲያ ይህን ቀዳዳ እንዴት እንድፈነው?

በመጀመሪያ፣ የምትሄዱባቸውን ቀናት ቁጠሩ። የሳምንቱን ሲዝን ትኬት ዋጋ ለዕለቱ ደርሶ መልስ ዋጋ አካፍሉት። ውጤቱ በሳምንት ከምትሄዱባቸው ቀናት ካነሰ ሳምንታዊው ይሻላችኋል። ዓመታዊው ደግሞ የሚሸጠው በ40 ሳምንት ዋጋ ነው፤ 12ቱ ሳምንት በነፃ ነው ማለት ነው። ለምሳሌ ሳምንታዊው 50 ፓውንድ ቢሆን፣ በየሳምንቱ የሚገዛ ሰው በዓመት 2,600 ይከፍላል። ወርሃዊው 192 ስለሚሆን በዓመት 2,304 ይመጣል። ዓመታዊው ግን 2,000 ብቻ ነው። በዓመት ከ40 ሳምንት በታች የምትሠሩ ከሆነ አይጠቅማችሁም። ሥራ ብትቀይሩ ያልተጠቀማችሁበትን ማስመለስ ይቻላል፤ ከ10 ወር ገደማ በኋላ ግን የሚመለስ ገንዘብ አይኖርም። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የምትሄዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረውን ፍሌክሲ ሲዝን ተመልከቱ። በ28 ቀን ውስጥ በመረጣችሁት 8 ቀን ትሄዱበታላችሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የዓመቱን ትኬት መግዣ ያለ ወለድ አበድረው በየወሩ ከደመወዝ ይቆርጣሉ። ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም። እሱ ካልተገኘ እኛ ሐበሾች ዕቁብ አለን! በዚያው ምሳሌ ብንሄድ፣ 10 ሰዎች በወር 200 ፓውንድ ቢጥሉ በየወሩ አንድ ሰው የዓመት ትኬት ይገዛል። ዕቁቡ መጀመሪያ የደረሰው ሰው ከወርሃዊው ትኬት 8 ፓውንድ ብቻ ጨምሮ 10 ወር ይጥላል፤ ቀሪውን ሁለት ወር ለባቡር ምንም አያወጣም።

ሦስተኛ፣ ለንደን ውስጥ ካርድ እየነካችሁ የምትሄዱ፣ በቀንና ከሰኞ እስከ እሁድ ባለው ሳምንት ከተወሰነ ጣሪያ በላይ አትከፍሉም። ነገር ግን ሁልጊዜ በአንዱ ብቻ ንኩ። እኔ ራሴ አንድ ቀን በስልኬ ገብቼ በባንክ ካርዴ ወጣሁ። ሁለቱም የአንድ ሒሳብ ቢሆኑም ማሽኑ እንደ ሁለት መንገደኛ ቆጥሮኝ በሁለቱም ከፍተኛውን ዋጋ ወሰደብኝ። ደግሞም መሐል ከተማውን፣ ማለትም ዞን አንድን ሳትነኩ ከሄዱ ዋጋው ይቀንሳል፤ በምትቀይሩበት ጣቢያ ሮዝ ቀለም ያለው ማንበቢያ ካለ መንካት አትርሱ።

አራተኛ፣ የሚገባችሁን ቅናሽ አትተዉት። 16 እና 17 ዓመት የሞላቸው ልጆቻችን ሲዝን ትኬትን ጨምሮ በግማሽ ዋጋ የሚሄዱበት ካርድ አለ። ሥራ ፈላጊ ሆናችሁ ዩኒቨርሳል ክሬዲት መቀበል ከጀመራችሁ ሦስት ወር ካለፈ፣ የግማሽ ዋጋ ካርድ እንዳለ ጆብሴንተር ጠይቁ። የቤተሰብ ሬይልካርድ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በዓመት 35 ፓውንድ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ አብሯችሁ ሲሄድ ከአዋቂው ሲሶውን፣ ከልጁ 60 በመቶውን ይቀንሳል። ለሲዝን ትኬት አይሠራም፤ እሁድ ልጆች ይዞ ከሩቅ ወደ ጉባኤ ለሚመጣ ግን ቶሎ ዋጋውን ይመልሳል። ባቡሩ ሲዘገይም ዝም አትበሉ። በአብዛኞቹ ድርጅቶች ከ15 ደቂቃ ጀምሮ ካሳ ይከፈላል፤ ማመልከቻው በ28 ቀን ውስጥ መግባት አለበት።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የጓደኛን ሲዝን ትኬት ተውሶ መሄድ፣ 16 ዓመት ለሞላው ልጅ የሕፃን ትኬት መቁረጥ ቁጠባ አይደለም፤ ስርቆት ነው። በእንግሊዝ ቅጣቱ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ 100 ፓውንድና የጉዞው ዋጋ ነው፤ በ21 ቀን ውስጥ ለከፈለ 50 ይሆናል። ከቅጣቱ ይልቅ የሚከብደው ግን አጠገባችን ተቀምጦ የሚያየን ልጃችን የሚማረው ነው።

ያቺን እህት በዚያ ወር ለኪራዩ አገዝናት። ነገር ግን ብድር ብቻ ብንሰጣት በሚቀጥለው ወርም አንገቷን ደፍታ ትመጣ ነበር። ስለዚህ እህቶች ተሰባስበን ዕቁብ ጀመርን፤ ያለ ዕጣ የመጀመሪያው ለእሷ ይሁን ተባባልን። ባለፈው እሁድ እሷ ሻይ አዳይ ነበረች፤ ቀና ብላ። እናንተስ አጠገባችሁ በየማለዳው በችርቻሮ የሚገዛ ሰው የለም ወይ? ዛሬ ጠይቁት።