ጤናማ በልተን ለምን አልቀነስንም?

በቤት ለቤት ኅብረታችን ውስጥ አንዲት እህት አለችን። ሐኪሟ የደም ስኳሯ ከፍ ማለቱን ነግሯት ክብደት እንድትቀንስ መከራት። እሷም ምክሩን ከልቧ ተቀበለች። ለስላሳ መጠጥ ተወች፣ ኬክ ተወች፣ በሻይዋ ውስጥ ስኳሩ ቀርቶ ማር ገባ፣ ነጭ ዳቦ ቀርቶ የቀይ ጤፍ እንጀራ መጣ፣ ሥጋው በሽሮና በምስር ተተካ። ሦስት ወር እንዲህ ቆይታ ሚዛን ላይ ስትወጣ ቁጥሩ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

ይህንን ለጸሎት በተሰበሰብንበት ምሽት እንባ እየተናነቃት ነገረችን። እኛስ ምን አልናት? የምናፍርበት ነገር እዚህ ላይ ነው። አንዳችን «ተደብቀሽ የምትበዪው ነገር ይኖራል» አልን፤ በቀልድ መልክ ነው፣ ግን ቀልድ አልነበረም። ሌላችን ራስን ስለ መግዛት አጭር ስብከት አደረስንላት። ሌላችን ደግሞ የዳንኤልን ጾም እንድትይዝ መከርናት። ከዚያ ጸሎቱ አልቆ ቡና ሲቀርብ ቆሎውንና ለውዙን ወደ እሷ ገፋ አደረግንላት። «ይሄ እንኳ ጤናማ ነው፣ በሞቴ!» እያልን።

እህታችን አልዋሸችም ነበር። ተሳስታ ከሆነም ሁላችንም በምንሳሳተው ነው፦ «ጤናማ ነው» እና «አያወፍርም» የሚሉትን ሁለት ነገሮች እንደ አንድ ማየት።

ምግብ ጤናማ መሆኑ በውስጡ ስላለው ነገር ይናገራል፤ አሰር፣ ብረት፣ ቫይታሚን። ክብደታችንን የሚወስነው ግን በአብዛኛው ከምግብ ያስገባነው ጉልበትና ያወጣነው ጉልበት ልዩነት ነው። ለምሳሌ ጤፍን እንውሰድ። ከነጭ ዱቄት የተሻለ አሰርና ብረት አለው፤ ይህ እውነት ነው። በጉልበት ግን 100 ግራም ጤፍ 367 ገደማ ካሎሪ ሲኖረው፣ 100 ግራም ነጭ የስንዴ ዱቄት 364 ገደማ አለው። ማርም ያው ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 60 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ስኳሩን በማር የለወጠ ሰው ማሩን ሞቅ አድርጎ ከጨመረ ምንም አልቀነሰም።

ትልቁ ጉድ ግን ዘይት ነው። የወይራ ይሁን የኑግ ወይም የሱፍ፣ አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ነው፤ አንድ ግራም ስኳር ግን 4። ስኳርን እንደ ጠላት እያየን ዘይቱን ከጀሪካን በዓይን ገምተን እናፈሳለን። በኋላ ከመካከላችን አንዷ ኬክ የምትጋግርበትን ትንሽ ሚዛን ይዛ መጣችና የእህታችንን የሽሮ አሠራር አብረን ለካን። ለአራት ሰው ሽሮ ላይ አንድ የሻይ ብርጭቆ የሚሆን ዘይት ገባ። 100 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፣ ከ800 ካሎሪ በላይ። እንጀራው ሳይቆጠር፣ ሽሮው ራሱ ሳይቆጠር፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከ200 ካሎሪ በላይ በዘይቱ ብቻ! 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን በእግር ጉዞ ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጥኖ ቢሄድ እንኳ አይበቃውም።

ሌላም አለ። እኛ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። የማን ድርሻ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ እንጀራ ሲያልቅ ይጨመራል፤ ጉርሻ ደግሞ እንቢ አይባልም። ይህን ባህል እንወደዋለን፣ እንዲጠፋም አንፈልግም። ግን ማታ ላይ «ዛሬ ስንት እንጀራ በላህ?» ብትሉን ማናችንም በእርግጠኝነት አንመልስም።

በግምት መሳሳት የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመ ጥናት «በጣም ትንሽ እየበላን አንቀንስም» የሚሉ ሰዎችን መረመረ። ሰውነታቸው ጉልበት የሚያቃጥልበት መጠን ችግር አልነበረበትም። በአማካይ በቀን 1,028 ካሎሪ እንበላለን ያሉት ግን 2,081 ሲበሉ ተገኙ። እነዚህን ሰዎች ውሸታም ማለት ይቀላል። እኛ ግን የሽሮውን ዘይት ከለካን በኋላ እንዲያ ለማለት አፍ የለንም።

«ታዲያ ጤናማ መብላት ዋጋ የለውም?» የሚል ይኖራል። አላልንም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት 609 ሰዎች ለአንድ ዓመት አትክልት እንዲያበዙ፣ ስኳርና ነጭ ዱቄት እንዲቀንሱ ተመከሩ፤ ካሎሪ ቁጠሩ አልተባሉም። በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀነሱ። ነገር ግን አማካይ ብዙ ይሸፍናል፤ በዚያው ጥናት ውስጥ ከ20 ኪሎ በላይ የቀነሱም፣ ጭራሽ የጨመሩም ነበሩ። በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ ያበዛ የነበረ ሰው ወደ ቤት ምግብ ሲመለስ ሳያውቀው ያንሳል፤ ቶሎ ይጠግባልና። ድሮም ሽሮና ምስር ሲበላ የኖረ ሰው ግን ከምን ወደ ምን ይመለስ? የእህታችን ጉዳይ ይህ ይመስለናል። ደግሞም የደም ስኳሯ በነዚያ ሦስት ወራት ትንሽ ወርዶ ነበር። እኛ ሚዛኑን ብቻ እያየን ይህን እንኳ አላመሰገንንም።

ስለ ዳንኤል ጾም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ለክብደት ብለው የሚይዙት ወገኖች አሉ። ታሪኩን ግን ደግማችሁ አንብቡት። ዳንኤልና ጓደኞቹ ከአሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ በኋላ ከስተው አልታዩም፤ የንጉሡን ማዕድ ከበሉት ሁሉ ይልቅ ሥጋቸው ሞልቶ ነው የታዩት! ጥያቄያቸውም ስለ ክብደት ሳይሆን በንጉሡ ማዕድ ስላለመርከስ ነበር። ጾማችን ለጌታ ይሁን፤ ለሚዛኑ ሌላ መንገድ እንፈልግለት።

ያ መንገድ በእኛ አስተያየት ለሁለት ሳምንት ያህል መለካትና መጻፍ ነው። ዕድሜ ልክ አይደለም፤ ዓይናችን መገመት እስኪማር ብቻ። አንዳንድ ወንድሞች ይህን ስንናገር «ምግብ መቁጠር ለሥጋ መገዛት ነው» ብለውናል። እነዚሁ ወንድሞች የቤተ ክርስቲያኑን መባ እስከ ሳንቲሙ ቆጥረው በሁለት ሰው ፊርማ የሚያስረክቡ ናቸው፤ ያንን እምነት ማጣት ያለው ሰው የለም። ቁጥር ግን ባሪያ የሚያደርገው ሰውም አለ። ከምግብ ጋር ትግል ውስጥ ለነበረ፣ ቁጥሩን ሲያይ ጭንቀት ለሚይዘው ሰው ይህን አንመክርም። ነፍሰ ጡር እናቶችና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ አመጋገባቸውን ከመለወጣቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። የታይሮይድ ሕመም ወይም አንዳንድ መድኃኒት ክብደት የሚይዝበት ጊዜም ስላለ፣ ሁሉንም በማንኪያ እንፈታዋለን ማለት ሞኝነት ነው።

እህታችን አሁን ዘይቱን በሾርባ ማንኪያ ትለካለች፤ ለአራት ሰው ሦስት ማንኪያ። እንጀራዋንም ከትሪው ላይ ሳይሆን ቀድማ በራሷ ሳህን ላይ ታወጣለች። መጀመሪያ ላይ «ተለየሽብን» ብለን አኮረፍን። በአራት ወር ውስጥ አራት ኪሎ ቀንሳለች። ባለፈው ሐሙስ ቡና ሲቀርብ ቆሎው በየትንንሽ ሲኒ ማስቀመጫው ተከፋፍሎ መጣ፤ የእሷን ወደ ጎን አድርጋ ወሬዋን ቀጠለች፤ «በሞቴ» ያላትም አልነበረም።