ጉበቱን ለታመመ ሰው ዕድሜውን ማን ይንገረው?

ከአርሲዋ ጢቾ ተነስቶ በሽተኛውን አሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ያደረሰ ቤተሰብ፣ «ጉበት ነው» ሲባል መጀመሪያ «ይድናል ወይ?» ይላል፤ ቀጥሎ «ስንት ጊዜ ይኖራል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ታላቅ ልጅ ወይም አጎት ነው፤ ሐኪሙን ወደ ዳር ወስዶ፣ በሽተኛው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መልሱም እዚያው ዳር ላይ ይቀራል። ልማዱ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አልክድም። በጉበት በሽታ ግን ጉዳቱ ያመዝናል እላለሁ፤ የበሽተኛው ዕድሜ በከፊል እሱ ራሱ በሚያደርገውና በሚተወው ነገር የሚረዝም ወይም የሚያጥር ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ ከመቶ በላይ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ እንደሚያሳየው ጉበታቸው ጠባሳ አውጥቶ ከጠጠረ (ሐኪሞች ሲሮሲስ ይሉታል) ነገር ግን ሆዳቸው ውሃ ካልቋጠረ፣ ዓይናቸው ቢጫ ካልሆነ፣ ደም ካላስመለሱና አእምሯቸው ካልተደናገረ ሰዎች መካከል ግማሾቹ ከ12 ዓመት በላይ ይኖራሉ። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ከመጣ በኋላ ግን ግማሾቹ የሚቆዩት 2 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ይህ ማለት ሌሎቹ ግማሾች 2 ዓመቱን ያልፋሉ፤ ብዙ የሚያልፉም አሉ። መነሻው ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ከሆነ ደግሞ ተስፋው ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ሲሮሲስ ከነበረባቸው 96 ታካሚዎች 74 በመቶዎቹ ቴኖፎቪር የተባለውን መድኃኒት ለ5 ዓመት ከወሰዱ በኋላ ጉበታቸው ሲመረመር ሲሮሲሱ አልተገኘም። አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ደግሞ ሞት የበረታው በሽታው ገፍቶባቸው በመጡት፣ ሰውነታቸው በከሳውና በዕድሜ በገፉት ላይ ነው። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ በየመድኃኒት አዋቂው ቤት ሲዞር የሚከርመው ሰው የሚያጣው በሽታው ይበልጥ ሳይገፋ የሚታከምበትን ጊዜ ነው።

«ሐኪሙ ራሱ እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር ለበሽተኛው መንገር ምን ይጠቅማል?» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሐኪሞች ለ468 በጠና የታመሙ ሰዎች የገመቱትን ዕድሜ ቢያመሳክር፣ ለእውነቱ የቀረበው ግምት 20 በመቶው ብቻ ሆነ። ከተሳሳቱትም የሚበዙት በሽተኛው ከኖረው የረዘመ ዕድሜ የሰጡት ናቸው። በቢሊሩቢን፣ በክሪያቲኒንና በደም መርጋት መለኪያ የሚሠራው ሜልድ የተባለው ስሌትም ቢሆን የሚናገረው ስለ መጪዎቹ 3 ወራት እንጂ ስለ ዓመታት አይደለም። ስለዚህ ሐኪም ቀን እንዲቆርጥ መጠየቅ ስህተት ነው። በሽታው የደረሰበትን ደረጃ፣ መነሻውን፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻል፣ ምን ቢታይ ደግሞ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሮጥ እንደሚያስፈልግ መጠየቅ ግን ይቻላል፤ ሐኪሙም ይህን ይመልሳል።

«ከሰማ ተስፋ ቆርጦ ይሞታል» የሚለው ይበልጥ ይከብዳል፤ የሚደነግጥ ሰው አለና። ግን ያልተነገረው ሰው ምን እንደሚያደርግ እንይ። ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው ጨው መቀነስ አለበት፤ ምክንያቱን ካላወቀ ግን ጨው የገባበትን ጭኮ እንደ ልማዱ ይበላል፣ ጨው የሌለበትን ምግብም ይመልሳል። ከመተኛቱ በፊት ትንሽ መቅመስ ሲጠቅመው፣ ጉበቱ የሚያርፍለት መስሎት ጦሙን ያድራል። ቀን ሲያንቀላፉ ውለው ሌሊት የሚባንኑ፣ እጃቸው የሚርገፈገፍ፣ የልጃቸውን ስም የሚዘነጉ አባት ጉበታቸው ማጣራት ያቃተው መርዝ አእምሯቸውን እንደያዘው ቤተሰቡ ካላወቀ «መንፈስ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ላክቱሎስ የተባለው ሽሮፕ ተጀምሮ፣ የቀሰቀሰው ነገር ከታከመ ወደ ልባቸው ይመለሳሉ። በረጋ አንደበት፣ ደረጃ በደረጃ፣ ምን ያህል መስማት እንደሚፈልግ ራሱን እየጠየቁ የነገሩት ሰው ቢያዝን እንኳ የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ዕድሜ የፈጣሪ ነው የሚለውን እኔም አምናለሁ። በአርሲ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ግን ሰው ዕዳውን እንዲያስታውቅና ኑዛዜውን እንዲያሰናዳ ይመክራሉ። የመሬቱን ነገር ሳይናገር፣ ከብቱ ለማይጠቅም ጉዞ ሲሸጥ ዝም ብሎ እያየ የሚሄድ አባወራ ይህን ምክር የሚፈጽምበት ዕድል ተነፍጓል። የበሽታው ስም ሲደበቅ ደግሞ የልጆቹም ጤና አብሮ ይደበቃል። ሄፓታይተስ ቢ ከእናት ወደ ልጅና በአንድ ቤት ውስጥ ይተላለፋል፤ ክትባቱ በኢትዮጵያ ወደ መደበኛው የሕፃናት ክትባት የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱት ወንድሞች፣ እህቶችና ልጆች አብዛኞቹ አልተከተቡም። ደማቸውን ቢመረመሩ ነፃ የሆነው ይከተባል፣ የተገኘበትም ሆዱ ውሃ ሳይቋጥር ክትትል ይጀምራል።